ድንኳን በተተከለ ዕለት

ሰርግ የሚኬደው ሲጠሩ ነው፤ ለቅሶ የሚኬደው ሳይጠሩ ነው። ይህን ሥርዓት የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ለሰርግ ያልተጠራ ዘመድ ቢያኮርፍ እውነት አለው፤ «አልጠራችሁኝም» ብሎ ከለቅሶ የቀረ ግን መልስ የለውም። እንግዲህ የሥዕል ዐውደ ርእይና የሙዚቃ ምሽት ከሁለቱ በየትኛው ወገን ይመደባሉ?

እስካሁን ያለው ልማዳችን ሲታይ ወደ ሰርጉ ያደላሉ። የጥሪ ካርድ ይታተማል፤ የክብር እንግዳ ይመረጣል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ወይን በብርጭቆ ይዞራል። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል። ክፍት በር ግን ጥሪ አይደለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባለ ያደገ ሰው በተከፈተ በር ሁሉ ዘው ብሎ አይገባም። ከጋለሪ አጥር ሥር ሱቅ ያላት ሴት ዐሥር ዓመት ሙሉ የሚወጣ የሚገባውን ስታይ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ዘልቃ ካላየች፣ ምክንያቱ የሥዕል ፍቅር ማጣት ነው ለማለት አልቸኩልም። አልተጠራችም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ ጥሪ አይቆጠርም። ጠሪ ማለት በእግሩ መጥቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ወደ አንድ ሰፈር እናውርደው። የካ አባዶን እንውሰድ። ከአያት ወዲያ፣ ወደ ለገጣፎ ጠጋ ብሎ የተዘረጋው ይህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ነው። ነዋሪውን በአንድ ደረጃ እንዲወጣና እንዲወርድ ያደረገው የትውልድ ቦታ፣ ደብር ወይም መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ዕጣ ነው። መርካቶ ተወልዶ ያደገው ከጉለሌ ከመጣው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዕጣው የደረሰው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ስለሚኖር፣ በሩን አንኳኩቶ «እንደምን አደራችሁ» የሚባለው ጎረቤት ተከራይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥበብን በተመለከተ ሰፈሩ ከሁሉም ሩቅ ነው። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሁሉም መሐል ከተማ ናቸው። ከአባዶ ተነሥቶ አንድ ምሽት ሙዚቃ ሰምቶ ለመመለስ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል፤ መሄጃውስ ይገኛል፣ ችግሩ መመለሻው ነው።

በዚህ ሰፈር አንድ ጋለሪ ተከፈተ እንበል። (አለ አላልኩም፤ ተከፈተ እንበል ነው ያልኩት።) በኮንዶሚኒየም ግቢ ከብሎኮቹ ገለል ብሎ የሚሠራ የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለ። ሲታቀድ ነዋሪው ልብሱን እንዲያጥብበት፣ እንጀራውን እንዲጋግርበት፣ ለበዓል በጉን እንዲያርድበት ነበር፤ ለሌላ ሥራ ሲከራይም ይታያል። ጥቂት ወጣት ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ከብሎኩ ኮሚቴ ተስማምተው ይህን ቤት ይከራያሉ፤ ኖራ ይቀባሉ፤ መብራት ይዘረጋሉ። በሩ ላይ «የሙከራ የማኅበረሰብ ጋለሪ» ብለው ይጽፋሉ። ልብ ብሎ ላየው ሁለቱ ቃላት እንደ ሁለት በሬ ናቸው፤ አንዱ ወደ ዳገት፣ ሌላው ወደ ቁልቁለት ይስባል። ሙከራ ማለት ጆሮና ዐይን ያልለመዱትን ማቅረብ ነው። ማኅበረሰብ ደግሞ ያለመደው ነገር ሲመጣበት አስቀድሞ «ማን ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አካል ነው።

የመጪው ወር መርሐ ግብር በሩ ላይ ተለጥፏል። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሁለት ወጣት ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ይከፈታል። እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በጭቃና በቀለም ይጫወታሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ማሲንቆን፣ ከበሮንና ከኮምፒዩተር የሚወጣ ድምፅን ያጣመረ የሙዚቃ ሙከራ ይቀርባል። በሦስተኛው ግጥም ይነበባል።

ከሁለተኛው ቅዳሜ በፊት ባለው ዓርብ ሌሊት በጎረቤት ብሎክ አንድ አባወራ ዐረፉ። ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ረፋዱ ላይ በሁለቱ ብሎኮች መካከል፣ ከጋለሪው በር ሃያ ርምጃ ያህል ርቆ፣ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፤ የንፍሮው ድስት ተጣደ። ሟቹ ከጋለሪው ሰዎች ጋር ትውውቅ አልነበራቸውም። ወጣቶቹ ሲገቡና ሲወጡ ምናልባት ሁለት ጊዜ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ብለዋቸው ይሆናል።

ማታ ሙዚቃው ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ይህ ጥያቄ ቀላል ነው የሚሉ በሁለቱም ወገን አሉ። አንዱ «እንዴት ይጠየቃል? ሰው ሞቶ!» ይላል። ሌላው «ከተማ ነው እኮ፤ በዚህ ሁሉ ብሎክ ሰው ያልሞተበት ቅዳሜ መቼ ይገኛል?» ይላል። የመጀመሪያው የሰፈር ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የከተማ ልጅ ነው፤ አባዶ ደግሞ ሁለቱንም ነው። በበኩሌ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

በመጀመሪያ ቃል አለ። ቀን ቆርጦ መጥራት ቃል መግባት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ከጎንደር ድረስ መጥቷል፤ ወር ሙሉ ልምምድ ተደርጓል፤ ለድምፅ ማጉያው ቀብድ ተከፍሏል፤ ከቦሌና ከሣር ቤት የሚመጡት እንግዶች ዛሬ ማታ አባዶ ናቸው። ቃል የተገባለት ሰው ሩቅ ስለሆነ ቃሉ አይቀልም። እንዲያውም ጥበብ ከሰፈር አልፎ ሰው ከሰው የሚያገናኘው እንዲህ ባለው ቃል ነው። ጎረቤቱ ያልመረጠው ሰው ነው፤ እንግዳው ግን መርጦ የመጣ ነው።

ሁለተኛውና ጠንከር ያለው ክርክራቸው የሚከተለው ነው። «የእኛ ሙዚቃ ጭፈራ አይደለም። ሐዘንንም ይሸከማል። ሙዚቃ ሁሉ ደስታ ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማነው?» ይህን እንዲያው በቁጣ መመለስ አይቻልም፤ ባህላችን ራሱ የሚመሰክርላቸው ነገር አለና። በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያን ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ዜማው ግን አይቆምም። ዘፈን በሚጾምበት በዚያው ጊዜ በገና ይደረደራል። አባቶቻችን «ሙዚቃ ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል?» ብለው በደፈናው አልጠየቁም፤ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ፊት ብለው ነው የለዩት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አልቃሽ ነበረች። ሙሾ የምታወርድ፣ በዚያው በቆመችበት ግጥም የምትገጥም፣ ለሙያዋ የሚከፈላት ሴት። ጥበብ በአንድ ወቅት ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሬሳው ራስጌ ነበረች ማለት ነው።

ሙከራም ቢሆን ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው ሙዚቀኛ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ የየራሳቸው አገርና የየራሳቸው ቦታ የነበራቸውን መሣሪያዎች አንድ መድረክ ላይ አምጥቶ አብረው እንዲጫወቱ ማድረግ ሙከራ ነበር። በኋላ ተስፋዬ ለማ ያን ቡድን ሲመራ የሰማው ሰው «ባህላዊ ሙዚቃ» ብሎ ነው የሰማው። የአንዱ ዘመን ሙከራ የሌላው ዘመን ባህል ይሆናል። ስለዚህ የጋለሪው ልጆች «ዛሬ ግራ ያጋባናችሁ ነገር ነገ የእናንተው ይሆናል» ቢሉ ከንቱ ተስፋ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀርብኛል። አልቃሿ የሟቹን ስም ታውቃለች። ማን ልጅ እንደነበረ፣ ምን እንዳረሰ፣ ማንን አስታርቆ ማንን እንዳስከፋ ጠይቃ ነው የምትቆመው። ሙሾዋ ለእገሌ ነው። የጋለሪው ሙዚቃ ግን ከወር በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳሉ የታሰበ ሐዘን ነው። በጠቅላላው ማዘን ለእገሌ ከማዘን ጋር አንድ አይደለም። ሃያ ርምጃ ርቃ የተቀመጠችው ሚስት «ይህ ዜማ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ነው» ቢሏት ምን ይጠቅማታል? የእሷ ብቸኝነት ስም አለው።

እዚህ ላይ የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ትዝ ይለኛል። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ውበት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሙዚቃን ጨዋነት ይጎድለዋል ብሎ ይከሰዋል። ምክንያቱም ያልጠራው ጎረቤት ዘንድ ሳይቀር ይገባል። ሥዕል ያልፈለገ ሰው ዐይኑን ያዞራል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ካንት ነገሩን የሚያመሳስለው ሽቶ የተነከረ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሳይወድ በግድ ከሚያሸትት ሰው ጋር ነው። ፈላስፋው ይህን ያለው እንዲሁ አልነበረም። በኮኒግስበርግ ከተማ ከቤቱ አጠገብ እስር ቤት ነበር፤ እስረኞቹ መስኮት ከፍተው መዝሙር እየዘመሩ አላስጠጋ ስላሉት እ.ኤ.አ. በ1784 ለከተማው ከንቲባ ለሂፕል አቤቱታ ጽፏል። እስረኞቹ መዝሙር መዘመራቸው ነው ያስቆጣው! ምስኪኖቹ ሌላ ምን ነበራቸው? እንደ ካንት ያለ ጭንቅላት ያለው ሰው የእነሱን መስኮት ሳይሆን የራሱን ብቻ ማሰቡ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የካንት ሐሳብ በከፊል ይረዳናል። ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ማንንም አያስቸግሩም። ድምፁ ነው ከግድግዳ የሚያልፈው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ከካንት መማር አያስፈልገውም፤ የላይኛው ፎቅ ሙቀጫ የሚወቀጥበትን ሰዓት ያውቃል። ሕጉም ቢሆን ይህን ያህል ይሄዳል፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው መመዘኛም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ የጋለሪው ልጆች መስኮቱን ዘግተው፣ ማጉያውን ትተው፣ ከ45 በታች ቢጫወቱ ነገሩ አለቀ?

አላለቀም። ካንት ጎረቤቱን የሚያየው ጸጥታ ፈልጎ እንደተቀመጠ ብቸኛ ሰው ነው። ድንኳን ውስጥ ያለች ሴት ግን ጸጥታ አልፈለገችም፤ ድንኳን ውስጥ ጸጥታ የለም። የፈለገችው ሌላ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ቀን እንደ ሌላው ቀን ሆኖ እንዳያልፍ ነው። ሙዚቃው ባይሰማት እንኳ በሃያ ርምጃ ርቀት ሰዎች ተሰብስበው እንዳጨበጨቡ በማግስቱ ትሰማለች። ያን ጊዜ የሚጎዳት ድምፁ አይደለም። የባሏ ሞት ከዚያ በር ወዲያ ምንም እንዳልለወጠ ማወቋ ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ አልተሠራም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ድንኳኑ ውስጥስ ምን ይደረጋል? ካርታ ይጫወቱ የለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት የተገኘ ሰው ያየዋል፤ ጥግ ላይ ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ፤ ቀልድ ይነገራል፤ አንዳንዴም ሳቅ ሾልኮ ይወጣል። ታዲያ ካርታ ተፈቅዶ ሙዚቃ የሚከለከለው በምን ሒሳብ ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። ካርታው ለማንጋት ነው። እነዚያ ልጆች ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ብርዱን ችለው ተቀምጠዋል፤ የሳቃቸውም ዋጋ በመምጣታቸው ተከፍሏል። ድንኳን ውስጥ የሚስቅ ሰው ከሐዘኑ ጋር ነው፤ ከድንኳን ውጭ የሚያለቅስ ሙዚቃ ግን ከሐዘኑ ጋር ላይሆን ይችላል። የጋለሪው ልጆች ማሲንቆውን አስቀምጠው ወንበር ሲያመላልሱ ቢያመሹ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እስቲ ዝግ አድርገህ አንድ ነገር በለን» አይሏቸውም ብዬ አልምልም።

አሁን ወደሚያሰጋኝ ነገር ልምጣ። «ለለቅሶ ይቁም» ካልን ነገ ለምን ይቆማል? ለጾም ይቁም የሚል ይመጣል፤ ለሰላት ይቁም የሚል ይመጣል፤ ሥዕሉ ራቁት ሰው ይታይበታልና ይውረድ የሚል ይመጣል፤ በመጨረሻም ከወረዳ አንድ ሰው መጥቶ «ለጊዜው ይቁም» ይላል፤ ጊዜውም አያልቅም። የዚህ አገር ሙዚቃ ዝም በል ሲባል ነው የኖረው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የከተማዋን ሌሊት ለዓመታት ቆልፎት ነበር፤ ሙዚቃ ቤቶች በራቸውን ዘግተው ታዳሚውን እስከ ንጋት ይዘው ያሳድሩ እንደነበር ያን ጊዜ ወጣት የነበሩ ሁሉ ያወራሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሙዚቀኛ «ይቁም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ቢሆንም ሁለቱን ዝምታዎች አንድ ማድረግ አይገባም። አንዱ የሚታዘዝ ነው፤ ሌላው የሚሰጥ ነው። ሰዓት እላፊ ማብቂያው በአዛዡ እጅ ነው። የለቅሶ ዝምታ ግን ልክ አለው፤ ሰልስት ሲወጣ ድንኳኑ ይነቀላል። ዐርባና ሰማንያም ቢኖሩ ቀናቸው የታወቀ ነው፤ ለእነሱ ሲባል የጎረቤት ሬዲዮ አይዘጋም። ሟቹ ሙስሊም ቢሆኑ ደግሞ ቀብሩ ይፈጥናል እንጂ የጎረቤቱ ነገር አይለወጥም፤ አባዶ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚቀመጡት በአንድ አግዳሚ ነው። ሐዘንተኛ ማንንም አያዝም። «ዝም በሉ» ብላ የመጣች ባል የሞተባት ሴት አይቼ አላውቅም። ትእዛዝ ስላልሆነ ነው መስጠት የሚቻለው፤ የራቁት ሥዕል ይውረድ ብሎ በሩን የሚደበድበው ሰው ግን እየጠየቀ ያለው ስጦታ አይደለም።

አሜሪካዊው ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ድርሰት አቅርቦ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ዴቪድ ቱዶር አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰኮንድ ሙሉ አንድም ድምፅ ሳያሰማ ተቀምጦ ተነሣ። ሐሳቡ፣ ሙዚቃው ሲቆም አካባቢው ይሰማል ነው። ታዳሚው አጉረመረመ፤ ተነሥቶ የወጣም አለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የሙከራ ሙዚቀኞች ሁሉ ይህን ድርሰት በአክብሮት ያነሡታል። እንግዲህ ዝምታ ሙዚቃ ነው ብሎ ያመነ ሰው ለአንድ ቅዳሜ ማታ ዝም በል ቢባል ሥራው ተስተጓጎለ ማለት ይችላል? ይህን የምለው ለመቀለድ ያህል ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። እንግዶቹ ከቦሌ መጥተው፣ ማሲንቆው ተንጠልጥሎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከድንኳኑ የሚመጣውን ድምፅ እየሰሙ ቢቀመጡ ኬጅ የሚጠላው አይመስለኝም። ወይም ደግሞ ሃያውን ርምጃ ተራምደው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ቢቀመጡ። ለለቅሶ አይጠራማ!

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። ሙዚቃው ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፍ፤ ለእንግዶቹ ይደወል፤ ቀብዱ ቢቀልጥ ይቅለጥ። ወደዚህ ያደረሰኝ ሙዚቃን ከሐዘን ማሳነስ አይደለም፤ በሩ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። «የማኅበረሰብ» ባይሉ ኖሮ መሐል ከተማ እንዳለ አዳራሽ ሁሉ ቃላቸው ለቲኬት ገዢው ብቻ በሆነ ነበር። ብለዋል። የተጻፈ ቃልም ለእንግዳ ከተገባው ቃል አያንስም።

አፈጻጸሙ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የጋለሪው ልጆች በቅን ልቦና ሐዘንተኛዋ ዘንድ ሄደው «ማታ ዝግጅት ነበረን፤ እንቀጥል ወይስ ይቅር?» ብለው ቢጠይቁ ክፉ ሥራ ሠሩ። ምን ትላቸዋለች? «ችግር የለም ልጆቼ፣ ሥራችሁን ሥሩ» ነው የምትለው። ይሉኝታ ከሐዘን አይቀድምም ያለው ማነው? እነሱም «ፈቅደዋል» ብለው ሊጫወቱ ነው። በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ እንዲያውም በሐዘኗ ላይ የእነሱን ጭንቀት ጨመሩባት። መሄድ ያለባቸው ወደ እድሩ ሊቀመንበር ነው። የሚሄዱትም ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ስንት ወንበር እንደጎደለ ለማወቅ ነው።

ይህም አንድ ነገር ይገልጣል። ጋለሪው የእድሩ አባል ካልሆነ ሞቱን የሚሰማው ድንኳኑ ሲተከል በመስኮት አይቶ ነው። በአዲስ አበባ ከጣልያን ወረራ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው እድር፣ ዕጣ ባሰባሰበው በኮንዶሚኒየም ሰፈር ደግሞ እንግዳ ለእንግዳ የሚተዋወቅበት የመጀመሪያው ማኅበር ሆኗል፤ ሰው የጎረቤቱን ሙሉ ስም የሚያውቀው በእድር መዝገብ ነው። የማኅበረሰብ ጋለሪ ነኝ የሚል ቤት በወር የሚጠበቅበትን ከፍሎ፣ ሲጠራ ተገኝቶ፣ ሲቀር ተቀጥቶ መኖር ይችላል ወይ? ለውጭ አገር ረጂ በሚጻፍ ሪፖርት ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ርእስ ይኖራል፤ በዚያ ሥር «ለእድር የተከፈለ» የሚል መስመር አይቼ አላውቅም።

ጎረቤት ያለው የጥበብ ቤት ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈቱት አስኒ ጋለሪ አለ። ምሕረት ከበደን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች የመሠረቱት ነጻ አርት ቪሌጅ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነበር፤ ለሽርሽር የመጣ ሰው ሳያስበው ከሥዕል ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ ይችል ነበር። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ መካኒሳ ላይ በጭቃ የገነቡት ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲከፈት ከሥዕሉ ጎን አትክልት ቦታና የሕፃናት ትምህርት ቤት ይዞ ነው። ለእኔ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ ነው። አዝማሪ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚያ ቤት በጉርሻ እየጨፈረ፣ ባንኮኒው ሥር እያደረ አድጎ ቤቱን ተረከበው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋለሪና መጻሕፍት ጨምሮበት የባህል ማዕከል አደረገው። አዝማሪ ገብቶ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ነው የሚገጥመው። «ተቀበል!» ሲሉት የሰጡትን ይቀበላል። የወር መርሐ ግብር ለጥፎ አያውቅም፤ መርሐ ግብሩ የመጣው ሰው ነው። በአንድ ቃል፣ ሙከራና ማኅበረሰብ በአንድ ቀንበር የሚሄዱበት ቤት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። ስለ ፈንዲቃ ብዙ ተጻፈ፤ በባዕድ ጋዜጦች ሳይቀር። መጻፉ ተገቢ ነበር። በዚያው ወራት ስለተበተኑት የሰፈሩ እድሮች ግን የጻፈ አላየሁም። አባላቱ በከተማዋ ዳርቻ በየአቅጣጫው ሲሄዱ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የማን ሆነ? ቤቱን ከማፍረስ በፊት ፈንዲቃ ጎረቤት ነበረው፤ ለአንድ የጥበብ ቤት ከጣሪያና ከግድግዳ ይልቅ ለማግኘት የሚከብደውም ይኸው ነው።

በአባዶው ጉዳይ ላይ አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ከመጀመሪያውም የሚከብደኝ እሱ ነው። ሟቹ አባወራ አልነበሩም እንበል። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር። ተከራይ ስለሆነ እድር አልገባም፤ በዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሯልና የትኛው እድር ይግባ? ዓርብ ሌሊት ሞተ። አብረውት የሚኖሩት ሁለት ልጆች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ሬሳውን በመኪና አሳፍረው ወደ አገሩ ይዘውት ሄዱ። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። ንፍሮ አልተጣደም። የግቢው ዘበኛ ብቻ በሩን ሲከፍትላቸው አይቷል፤ እሱም ረፋዱ ላይ ለጋለሪው ልጆች፣ ሻይ እየጠጣ፣ እግረ መንገዱን ነገራቸው። ያን ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ይቁም ብሎ የሚመጣ ማንም የለም።